ሥሩ ዝም ብሎ አልተያዘም፦ ስለ ማይኮራይዛና ስለ ተክል ጂኖች ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ማይኮራይዛ ነው፤ በተክል ሥርና በአፈር ፈንገስ መካከል ስላለው አብሮ የመኖር ግንኙነት። አጻጻፉ ይስባል። ከአፈር በታች የሚሆነውን ነገር ሰው እንዲያስብበት ማድረጉም ጥሩ ነው። ችግሩ ያለው ድምዳሜዎቹ ላይ ነው። ስለ ተክሉ ጂኖች ከተናገረው ገሚሱ ተገልብጧል፤ ገሚሱ ደግሞ ማስረጃው ከሚሸከመው በላይ ተለጥጧል።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ፈንገሱ ወደ ሥር ሲገባ እጅግ ብዙ የተክሉ ጂኖች እንቅስቃሴያቸውን ይለውጣሉ ይላሉ። ከዚህ ተነስተውም ፈንገሱ ጂኖቹን እንደፈለገ ያዛል ወደሚል ይሻገራሉ። ቀጥለው ግንኙነቱን ስኳር ተሰጥቶ ፎስፌት (ተክል የሚፈልገው የፎስፈረስ ንጥረ ነገር) የሚወሰድበት እኩል ንግድ ያደርጉታል። እንቅስቃሴው የጨመረ ጂን ሁሉ ለግንኙነቱ አስፈላጊ ነው ይላሉ። ተክሉ ካላደገ ግን ግንኙነቱ አልሠራም። ማዳበሪያ ፈንገሱን ስለሚገድለው ማይኮራይዛ ይጠፋል፤ መፍትሔውም የፈንገስ ዱቄት አፈር ላይ መጨመር ነው። በመጨረሻም ማይኮራይዛ የሌላቸውን ተክሎች አንድ ጂን በመጨመር ማስተካከል፣ ያላቸውንም ጂኖቻቸውን በማጠንከር ማሻሻል ቀላል እንደሆነ ተስፋ ይሰጡናል።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ፦ እዚህ የምናወራው አርባስኩላር ስለሚባለው የማይኮራይዛ ዓይነት ነው። ከየብስ ተክሎች ዝርያዎች 70 በመቶ ያህሉ ይህ ግንኙነት አላቸው። ፈንገሱ ሥሩ በማይደርስበት አፈር ውስጥ ቀጫጭን ክሮቹን ዘርግቶ ፎስፌት ይሰበስባል። ከዚያ ወደ ሥሩ ውስጠኛ ሴሎች ገብቶ አርባስኩል የሚባል፣ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው አካል ይሠራል። ዋናው ልውውጥ የሚካሄደው እዚያ ነው። ግንኙነቱ በጣም ጥንታዊ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በተባለ ቦታ፣ 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ቅሪተ አካል ውስጥ አርባስኩል ታይቷል። ያ ተክል እውነተኛ ሥር እንኳ አልነበረውም።

ፈንገሱ አዛዥ ነው ከሚለው ልጀምር። የሌሎቹ ስሕተቶች ምንጭ እሱ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ፈንገሱ ሥሩን ከመንካቱ በፊት ነው። ፎስፌት ያጠረው ተክል ስትሪጎላክቶን የሚባሉ ውህዶችን ከሥሩ ወደ አፈር ያወጣል። ፈንገሱ እነዚህን ሲያገኝ ክሮቹ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ይሆናሉ። በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ሥራ የሚሠራውን ውህድ ሎተስ ጃፖኒከስ ከተባለ ተክል ሥር ለይተው አወጡት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥሪ የወጣው ከተክሉ ነው። ያውም ከተራበ ተክል። ጸሐፊው ይህን ክፍል ጨርሶ ዘለውታል፤ ታሪካቸው የሚጀምረው ፈንገሱ ሥሩ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።

እርግጥ ፈንገሱም መልስ ይልካል። ካይቲን ከተባለው የፈንገሱ ሴል ግድግዳ ንጥረ ነገር የሚገኙ አጫጭር ሰንሰለቶችንና ከቅባት ጋር የተያያዙ መሰል ሞለኪውሎችን ይለቃል። እነዚህን የሚያውቁት በተክሉ ሴል ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው። ከዚያ በሴሉ ኒውክሊየስ ውስጥና ዙሪያ የካልሲየም መጠን እየጨመረና እየቀነሰ ይመላለሳል። ይህን ምልልስ የሚያነበው ሲሲኤኤምኬ የተባለ የተክሉ ፕሮቲን ነው። እሱ ሳይክሎፕስን ያነቃል። ሳይክሎፕስ ደግሞ ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ሆኖ ራም1 የተባለውን ጂን ይቀሰቅሳል። የአርባስኩል ሥራ የሚሠሩት ብዙዎቹ ጂኖች የሚከተሉት ከራም1 በኋላ ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከመነሻው ሞለኪውል በቀር ሁሉም የተክሉ ንብረት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ጥያቄ ሊያነሱ ይችላሉ። ሰንሰለቱ የተክሉ ቢሆንም ቀስቃሹ ፈንገሱ አይደለም ወይ? ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱም በሙከራ አለ። ተመራማሪዎች የካልሲየሙን ምልክት ሳይጠብቅ ሁልጊዜ ንቁ የሚሆን ሲሲኤኤምኬ ሠርተው ሎተስ ጃፖኒከስ ውስጥ አስገቡ። አፈሩ ውስጥ ፈንገስ አልነበረም። ሆኖም ለፈንገስ መግቢያ የሚያገለግሉ ጂኖች ተቀሰቀሱ። ሴሎቹም ለመግቢያው የሚያዘጋጁትን መዋቅር የሚመስል ነገር መሥራት ጀመሩ። ፈንገሱ በሌለበት የፈንገሱን ትእዛዝ ማን ሰጠ? ፕሮግራሙ ተክሉ ውስጥ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ፈንገሱ እንዲጀመር ያደርጋል እንጂ አልጻፈውም።

ተቃራኒው ሙከራም አለ። ከእነዚህ ጂኖች አንዱ ሲበላሽ ፈንገሱ ብዙ ጊዜ ውጭ ይቀራል፤ ወይም ከሥሩ ሽፋን አያልፍም። በ2015 የታተመ የሩዝ ጥናት ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ዲ14ኤል የተባለ ተቀባይ የጎደለው ሩዝ ፈንገሱ አጠገቡ እያለ ምንም እንዳልመጣበት ሆነ። ሥሩ ውስጥ መለወጥ የነበረበት የጂን እንቅስቃሴ አልተለወጠም። ፈንገሱ አዛዥ ቢሆን ኖሮ አንድ የተክል ጂን በመጥፋቱ ብቻ እንዲህ ባዶ እጁን አይቀርም ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን በማይክሮስኮፕ የታየው ነው። ፈንገሱ የሥሩን ሽፋን ሴል ሲነካ ወዲያው ሰብሮ አይገባም። ሴሉ መጀመሪያ ውስጡን ያደራጃል። ኒውክሊየሱ ወደ ተነካው ቦታ ይሄዳል። ከዚያ ፈንገሱ ሊያልፍበት በሚገባው አቅጣጫ ይጓዛል፤ ከኋላውም የተሰለፈ መተላለፊያ ይሠራል። ፈንገሱ የሚገባው መተላለፊያው ካለቀ በኋላ በዚያው መስመር ነው። በ2005 ሜዲካጎ በተባለ ተክል ላይ ይህን በሕያው ሴል ያዩት ተመራማሪዎች ብዙ የቆየ አስተሳሰብ ቀየሩ። አርባስኩሉ ራሱም ቢሆን ከተክሉ ሴል ፈሳሽ ጋር በቀጥታ አይነካካም። ተክሉ የራሱን አዲስ ሽፋን ይሠራና ዙሪያውን ያለብሰዋል።

መጨረሻውስ በማን እጅ ነው? አርባስኩል ዕድሜው የጥቂት ቀናት ነው። ከዚያ ይፈርሳል፤ ሴሉ ግን ይተርፋል። የማፍረሱን ሥራ ከሚመሩት አንዱ ማይብ1 የተባለ የተክሉ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን ጂኖች ይቀሰቅሳል። ፈንገሱ በሥሩ ውስጥ ምን ያህል መስፋፋት እንዳለበት የሚገድቡ ሲኤልኢ የተባሉ አጫጭር ፕሮቲኖችም አሉ። እነዚህም የተክሉ ናቸው።

ለጸሐፊው የምተውላቸው ነጥብ አለ። ፈንገሱ የዋህ እንግዳ አይደለም። ኤስፒ7 የተባለ የፈንገሱ ፕሮቲን ወደ ተክሉ ሴል ኒውክሊየስ ገብቶ የመከላከያ ምላሽን እንደሚያለዝብ በ2011 ታይቷል። የዚህ ዓይነት ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉት። ፈንገሱ ተጽዕኖ ያሳድራል ቢሉ ኖሮ እስማማ ነበር። እሳቸው ያሉት ግን ይቆጣጠራል ነው።

ወደ እኩል ንግዱ ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው መሠረት የሌለው ነገር አልተናገሩም። በ2011 የወጣ የታወቀ ሙከራ ተክሉ ብዙ ፎስፌት ለሚያመጣለት ፈንገስ ብዙ ካርቦን እንደሚሰጥ፣ ፈንገሱም ብዙ ካርቦን ለሚሰጠው ሥር ብዙ ፎስፌት እንደሚያደርስ አሳይቷል። ከዚህ ግን ንግዱ ሁልጊዜ እኩል ነው ወደሚል መዝለል አይቻልም። ከአንድ ዓመት በኋላ የታተመውን እንይ። ማሽላና ተልባ አጠገብ ለአጠገብ በጋራ የፈንገስ መረብ ላይ ተተከሉ። አብዛኛውን ካርቦን የከፈለው ማሽላው ነው። በፈንገሱ በኩል ከመጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ግን እስከ 94 በመቶ የሚደርሰውን የወሰደው ተልባው ሆነ። ማሽላው በዚህ ብዙም አልተጎዳም፤ ተልባው ግን በእጅጉ አደገ። ይህን እኩል ንግድ የሚል ነጋዴ የለም።

የክፍያውን ዓይነት በተመለከተ ደግሞ ጽሑፉ አርጅቷል። ለብዙ ዓመታት ሁሉም ሰው ተክሉ የሚከፍለው ስኳር ነው ይል ነበር። ስኳር ከክፍያው አንዱ መሆኑ አሁንም እውነት ነው። ግን የሚያሳስብ ነገር መጣ። በ2013 ራይዞፋገስ ኢሬጉላሪስ የተባለው ፈንገስ ጂኖም፣ ማለትም የጂኖቹ ስብስብ በሙሉ፣ ተነበበ። ሰውነቱ በቅባት የተሞላ ፈንገስ ነው። ሆኖም ፈንገሶች የቅባት መሥሪያ የሆነውን ፋቲ አሲድ ከመነሻው ለመሥራት የሚጠቀሙበት ዋናው ኢንዛይም ጂን ጂኖሙ ውስጥ አልተገኘም። ታዲያ ቅባቱ ከየት መጣ?

መልሱ የተገኘው በተክሉ ጂኖች በኩል ነው። ፋትኤም፣ ራም2፣ ኤስቲአር እና ኤስቲአር2 የሚባሉ ጂኖች አርባስኩል ባለባቸው ሴሎች ውስጥ በጣም እንደሚቀሰቀሱ ይታወቅ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የቅባት ሥራ ናቸው። ሌሎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩ ማጓጓዣዎች ሲሆኑ ቦታቸው ተክሉ አርባስኩሉን ባለበሰበት ሽፋን ላይ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል አርባስኩሉ ይጫጫል። በ2017 የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ነገሩን ዘጉት፦ ተክሉ ፋቲ አሲድ ሠርቶ ለፈንገሱ ይሰጠዋል። ፈንገሱ ያለዚህ የሕይወት ዑደቱን አይጨርስም። ስለ ተክል ጂኖች በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ይህ አለመጠቀሱ ትልቅ ጉድለት ነው። የዘርፉ የቅርብ ጊዜ ትልቅ ግኝት ማለት ይቻላልና።

የፎስፌቱ ወገንም የራሱ ታሪክ አለው። ፒቲ4 ከአርባስኩሉ የሚመጣውን ፎስፌት ወደ ተክሉ ሴል የሚያስገባ ማጓጓዣ ነው። በ2007 ይህ ጂን በሜዲካጎ ውስጥ ሲበላሽ አርባስኩሎቹ ያለ ዕድሜያቸው ፈረሱ። እስከዚህ ድረስ ንግድ ይመስላል፤ ያልከፈለ ይባረራል። ግን ተክሉ ናይትሮጅን ሲያጥረው ነገሩ ተለወጠ። ፒቲ4 ባይኖርም አርባስኩሎቹ ቆዩ። ተክሉ የሚያየው ፎስፌቱን ብቻ አይደለም ማለት ነው። የራሱን ችግር በሙሉ ያያል። እኩል ንግድ የሚለው ሥዕል ለዚህ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ጂኖች ዝርዝር። ጽሑፉ በጣም የተማመነው በዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የጂን እንቅስቃሴ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ተፈጭቶ ውስጡ ያለው መልእክተኛ አርኤንኤ ሲነበብ ነው። በአንድ ሥር ውስጥ ግን ሁሉም ሴል አንድ ዓይነት ሥራ አይሠራም። አንዱ ሴል ፈንገሱን ገና እየጠበቀ ነው። ሌላው አርባስኩሉ ሞልቶለታል። ሦስተኛው እያፈረሰ ነው። አራተኛው ፈንገስ አይቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ አንድ ላይ ፈጭቶ ማንበብ በገበያ ጫጫታ መሃል ሁለት ሰዎች የሚንሾካሾኩትን ለመስማት እንደመሞከር ነው። ጥቂት ሴሎች ውስጥ በኃይል የተቀሰቀሰ ጂን በብዙኃኑ ይዋጣል። በአንዱ ሴል የጨመረና በሌላው የቀነሰ ጂን ደግሞ ምንም እንዳልተለወጠ ሆኖ ይታያል። ተመራማሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ነው አርባስኩል ያላቸውን ሴሎች በሌዘር እየቆረጡ ማጥናት የጀመሩት። በ2024 ደግሞ የሜዲካጎን ሥር በነጠላ ኒውክሊየስ ደረጃና ሴሉ ያለበትን ቦታ ሳይለቁ ያነበቡበት ጥናት ወጥቷል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ፈንገስ ያለው ተክል ፎስፌት ይጠግባል። ፎስፌት የጠገበ ተክል ደግሞ ፈንገስ ኖረም አልኖረ ብዙ ጂኖቹን ይለውጣል። ስለዚህ ፈንገስ ያለውን ተክል ከተራበ ተክል ጋር ብቻ ካወዳደርን የምናየው ልዩነት የፈንገሱ ይሁን የጥጋቡ መለየት አንችልም። ጠንቃቃ ሙከራ ሦስተኛ ቡድን ይጨምራል፤ ፈንገስ የሌለው ግን ፎስፌት የተሰጠው ተክል። ጸሐፊው ከሚጠቅሱት ብዙ ጂን ውስጥ ስንቱ በዚህ ወንፊት እንዳለፈ አልነገሩንም። ሊጠየቁ የሚገባቸው የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

ሦስተኛ፣ መጨመር ማለት ማስፈለግ አይደለም። መቀነስም አለማስፈለግ አይደለም። አንድ ጂን ጨምሮ ቢጠፋ ምንም ላይመጣ ይችላል፤ የሱን ሥራ የሚሸፍን ዘመድ ጂን ካለው። ሌላው ደግሞ እንቅስቃሴው ምንም ሳይለወጥ ያለ እሱ ነገሩ በሙሉ ይቆማል። ሲሲኤኤምኬ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሥራው የሚወሰነው በካልሲየም መነቃቃቱ ላይ እንጂ የጂኑ መልእክት መብዛቱ ላይ አይደለም። በጽሑፉ መለኪያ ብንሄድ የመላው ሰንሰለት ቁልፍ የሆነውን ጂን ከዝርዝሩ ልናስወጣው ነው።

ታዲያ ዝርዝሩ ከንቱ ነው? አይደለም። ይህን ማለት አልፈልግም። ዝርዝር የፍለጋ መነሻ ነው። ጥሩ ሥራ የሠሩት ሰዎች ሌላ ማጣሪያ ጨመሩበት። ማይኮራይዛ ያላቸውን ብዙ ተክሎችና በዝግመተ ለውጥ ያጡትን ተክሎች ጂኖም አወዳደሩ። ጠያቂ ዓይናቸው ያረፈው ባላቸው ላይ ባለ፣ ባጡት ላይ ግን ደጋግሞ በጠፋ ጂን ላይ ነው። በዚህ መንገድ ያ ሁሉ ዝርዝር እንደየጥናቱ ወደ 100 ገደማ ወይም ወደ ጥቂት መቶዎች ወረደ። ከላይ ያነሳኋቸው የቅባት ጂኖችም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ቀጥሎ አንድ በአንድ እያበላሹ መሞከር ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ አቋራጭ የለም።

ተክሉ ካላደገ ግንኙነቱ አልሠራም የሚለው በአጭሩ ይመለሳል። በ2003 የታተመ ሥራ ራዲዮአክቲቭ ፎስፈረስ ተጠቅሞ መንገዱን ተከታተለ። በአንዳንድ የቲማቲም ተክሎች ላይ ፈንገሱ በመኖሩ የመጣ የዕድገት ጥቅም አልታየም። ሆኖም ወደ ተክሉ ከገባው ፎስፌት ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለፈው በፈንገሱ በኩል ነበር። ሥሩ በራሱ የሚወስድበት መንገድ ተዳክሞ ነበር። የጂን እንቅስቃሴውም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ማይኮራይዛ ሲኖር ሥሩ ከአፈር በቀጥታ የሚጠቀምባቸው አንዳንድ የፎስፌት ማጓጓዣ ጂኖች ይቀንሳሉ፣ የአርባስኩሎቹ ይጨምራሉ። ማለትም መንገዱ ተቀየረ እንጂ አልተዘጋም። በሜትር የተለካ ቁመት ይህን አያሳይም።

ማዳበሪያ ፈንገሱን ይገድለዋል የሚለውን ብዙ ሰው ስለሚያምነው በጥንቃቄ ልያዘው። ፎስፌት በበዛበት አፈር ማይኮራይዛ መቀነሱ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን በአመዛኙ መርዝ አይደለም፤ የተክሉ ውሳኔ ነው። እንዴት ይታወቃል? የአንድን ተክል ሥር ለሁለት ከፍለው በሁለት ዕቃ ተከሉት። በአንዱ በኩል ብቻ ፎስፌት ጨመሩ። ፎስፌት ባልተጨመረበት በሌላው በኩልም ማይኮራይዛው ቀነሰ። በአተርና በፔቱኒያ የተሠሩ ሙከራዎች ይህን አሳይተዋል። እዚያ ወገን ያለውን ፈንገስ የነካው ማዳበሪያ የለም። መልእክቱ በተክሉ ሰውነት ውስጥ አልፎ ነው የደረሰው።

ሞለኪውላዊው ማብራሪያ የመጣው ቆይቶ ነው። ፒኤችአር የሚባሉ ፕሮቲኖች ተክሉ ፎስፌት ሲራብ የረሃብ ጂኖችን ይቀሰቅሳሉ። ኤስፒኤክስ የሚባሉት ደግሞ ፎስፌት ሲኖር ፒኤችአሮቹን ይዘው ያስቀራሉ። በ2021 እና በ2022 በሩዝ ላይ የወጡ ሥራዎች ይኸው ጥንድ የማይኮራይዛ ጂኖችንም እንደሚመራ አሳዩ። ፒኤችአር2 የጎደለው ሩዝ ፎስፌት እያጠረውም ፈንገሱን እንደሚገባ አያስገባም። የኤስፒኤክስ ጂኖች ሲጠፉ ደግሞ ፈንገሱ ከወትሮው በላይ ይገባል። ተክሉ እየጠገበ ለፈንገስ የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ለፈንገሱ የሚሄደው ካርቦን ተክሉ በብርሃን ከሚሠራው ከ4 እስከ 20 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል፤ ትንሽ ወጪ አይደለም።

ለዓመታት የተከመረ ማዳበሪያና ተደጋጋሚ እርሻ አፈሩ ውስጥ ያሉትን የፈንገስ ዝርያዎች ስብጥር እንደሚለውጡ አልክድም። እሱ ላይ ጸሐፊው ትክክል ናቸው። ግን ምክንያቱን ሲስቱ መፍትሔውም ይሳታል። ተክሉ ራሱ አልፈልግም ባለበት አፈር ላይ የፈንገስ ዱቄት መጨመር ምን ይለውጣል?

ዱቄቱ ፈጽሞ አይሠራም ማለቴም አይደለም። በ2023 የታተመ ጥናት በስዊዘርላንድ 54 የበቆሎ ማሳዎች ላይ ፈንገስ ጨምሮ ውጤቱን ለክቷል። የበቆሎው ዕድገት ከ12 በመቶ ቅናሽ እስከ 40 በመቶ ጭማሪ ድረስ ተለያየ። አንዳንዱ ማሳ ተጠቀመ፤ አንዳንዱ ምንም አላየም፤ አንዳንዱ ጎደለበት። ይህን ልዩነት ከአፈሩ ንጥረ ነገር ይልቅ በተሻለ የተነበየው ምን መሰላችሁ? በአፈሩ ውስጥ ቀድሞ የነበሩት በሽታ አምጪ ፈንገሶች ብዛት። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው እነሱ በበዙበት ነው። ስለዚህ ዱቄቱ ያለ አፈር ምርመራ ለሁሉም የሚታዘዝ መድኃኒት አይደለም። ጽሑፉ ግን የሚያቀርበው እንደዚያ አድርጎ ነው።

የቀረው የአንድ ጂን ተስፋ ነው። ጎመንና ሰናፍጭ ያሉበት ቤተሰብ፣ ስፒናችና ቀይ ሥር ያሉበት ቤተሰብ ይህን ማይኮራይዛ በአብዛኛው አጥተዋል። ጸሐፊው አንድ ጂን ብንመልስላቸው ይበቃል ይላሉ። የጎመንን ቤተሰብ ጂኖም ያየ ሰው ይህን አይልም። የጠፋው አንድ አይደለም። ሲሲኤኤምኬ የለም፤ ሳይክሎፕስ የለም፤ ራም1 የለም፤ የኤስቲአር ማጓጓዣዎቹም የሉም። ግንኙነቱ ሲቀር ጂኖቹ ጠባቂ አጥተው አብረው ሄደዋል። አንዱን መልሶ መትከል ቀሪውን አያመጣም።

ግብጦን ደግሞ ተመልከቱ። ማይኮራይዛ የለውም። ግን ናይትሮጅን ከሚሰጡት ባክቴሪያዎች ጋር ይኖራል፤ ሥሩ ላይ እባጭ ይሠራል። ለዚያ የሚያስፈልገው ሲምአርኬ ከተባለው ፕሮቲን እስከ ሳይክሎፕስ ያለው ሰንሰለት ከማይኮራይዛው ጋር የጋራ ነው፤ ግብጦ ውስጥም በሕይወት አለ። የጠፉት በዋናነት ከዚያ ቀጥለው ለማይኮራይዛ ብቻ የሚሠሩት ናቸው። አንድ ቁልፍ ጂን ቢበቃ ኖሮ ግብጦ ያለ ማይኮራይዛ አይቀርም ነበር። ቁልፉ እኮ እጁ ላይ ነው።

ማይኮራይዛ ያላቸውን ሰብሎች ስለ ማጠንከር ግን ተስፋው መሠረት አለው፤ ይህንንም ልመሰክር። ኤንኤስፒ2 የተባለው ጂን ከወትሮው በላይ እንዲሠራ የተደረገበት ገብስ ንጥረ ነገር በበቃበት ሁኔታም ፈንገሱን በብዛት እንዳስገባ ታይቷል። ሥራው ጥሩ ነው። ነገር ግን ብዙ ፈንገስ ማስገባት ብዙ ምርት ማለት አይደለም። ጠግቦ ለፈንገሱ መክፈል የቀጠለ ተክል ምን ያህል እንደሚያተርፍ የሚፈርደው ማሳ ነው።

ጥሪውን እናጉላው፣ ተክሉ ብዙ ስትሪጎላክቶን ያውጣ የሚለው ሐሳባቸው ግን በጣም ያሳስበኛል። ስትሪጎላክቶን መጀመሪያ የታወቀው በማይኮራይዛ አይደለም። በ1966 ከጥጥ ሥር ተለይቶ የወጣው የአቀንጭራን ዘር የሚያበቅል ነገር ሆኖ ነው። አቀንጭራ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይህንኑ ጥሪ ይጠብቃል። ተክሉ ፈንገሱን ሲጠራ አረሙም ይሰማል። አቀንጭራን በመቋቋም የታወቁ አንዳንድ የማሽላ ዓይነቶች ምስጢር በ2017 ሲገለጥ የተገኘው አንድ ጂን ነው፤ ኤልጂኤስ1 ይባላል። ጂኑ ሲጎድል ሥሩ የሚያወጣው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይቀየራል፤ የአረሙ ዘርም መብቀሉ በጣም ይቀንሳል። ማሽላው የዳነው ጥሪውን በማጉላት አይደለም፤ ዓይነቱን በመቀየር ነው። ጸሐፊው ጥሪውን እናጉላ የሚለውን ሐሳብ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው የሚገፉበት ከሆነ፣ አቀንጭራ ባለበት ማሳ ላይ ምን እንደሚያደርጉት አብረው ይጻፉልን።